ቦንሳይ ልጀምር ነው፤ ሳህኗንም ገዝቻለሁ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛል። ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በትንሽ ሳህን ላይ አሳንሶ ማሳደግ፣ መጀመር እፈልጋለሁ። አንዲት የምታምር ጠፍጣፋ ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ገዝቻለሁ። የጃፓን ሜፕል የሚባል ዛፍ የቦንሳይ ዘር ከውጭ የሚልክልኝ ሰውም አግኝቻለሁ። ሲያድግ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ላስቀምጠው ነው። እናቴ ግን ‹ዛፍ እያስራቡ ማቀጨጭ ግፍ ነው› እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦ ጀምሪ እህቴ። ይቅርብሽ የሚያሰኝ ነገር አላየሁበትም። ካሰብሽው ውስጥ ግን ዘሩን ተዪው፣ ሳሎኑንም ተዪው፣ ሳህኗን ደግሞ ለጊዜው ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ የእናትሽን ልመልስ፤ ትልቅ ሰው ይቀድማል።

እናትሽ ያሉትን ብዙ ሰው ይለዋል። ዛፉ ያነሰው ተርቦ ይመስላቸዋል። የተራበ ዛፍ ግን አያንስም፤ ይሞታል። ቦንሳይ የሚያንሰው ስለሚከረከም ነው። ላይ ላዩን ቅርንጫፉ ይከረከማል። በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ደግሞ ከሳህኑ ወጥቶ ሥሩ ይቀነሳል። በተቆረጠው ፋንታ አዲስ ቀጫጭን ሥር ያወጣል። ግንዱ እያረጀ ሥሩ ሁልጊዜ ወጣት ነው ማለት ነው። በየቀኑ ይታያል፣ ውሃው አይጓደልበትም፣ ምግቡን በወቅቱ ያገኛል። ባለቤቴማ «ከእኔ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚጦሩት» እያለች ትወቅሰኛለች።

አሁንም ካላመኑ ይህን ንገሪያቸው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያ) ግቢ ውስጥ የቦንሳይ ሙዚየም አለ። እዚያ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ዛፍ፣ ተቀምጧል። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲከረከም የኖረ ነው፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ቁጠሪያቸው። ባለቤቶቹ ያማኪ የሚባሉ የሂሮሺማ ቤተሰብ ነበሩ። በ1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ ቤታቸው ከፍንዳታው የሚርቀው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛፉን የግቢው አጥር ጋረደው፤ ተረፈ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓን 53 ቦንሳዮችን በስጦታ ላከች። አንዱ ይህ ነበር። ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑ በሙዚየሙ የታወቀው ግን በ2001 ነው፤ የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ መጥተው ተናገሩ። ዲሲ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። አንዱን ዘመድ ላኪና ፎቶ ያንሳላቸው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ግፍ የተዋለበት ፍጥረት አራት መቶ ዓመት አይኖርም።

አሁን ወደ ዘሩ። የቦንሳይ ዘር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። በሚያምር ፓኬት የሚሸጥልሽ የተራ ዛፍ ዘር ነው። ሜዳ ላይ ብትዘሪው ሙሉ ዛፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቦንሳይ የዛፍ ዓይነት አይደለም፤ አያያዝ ነው። ቃሉም ይህንኑ ነው የሚለው፦ በጃፓንኛ «ቦን» ዝርግ ዕቃ ነው፣ «ሳይ» መትከል ነው።

የጃፓን ሜፕል ደግሞ ለእኛ አይሆንም። ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ቀዝቃዛ ክረምት ይፈልጋል። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የእኛ ዝናብ። የጥቅምት ብርድ ለእኛ ያንዘፈዝፋል እንጂ ለሜፕል እንቅልፍ አይሆነውም። እንቅልፍ ያጣ ዛፍ አንድ ሁለት ዓመት ይውተረተርና ይደክማል። ሁሉም ቢሳካልሽ እንኳ ከዘር ተነስተሽ ደህና ግንድ ለማየት አሥር ዓመት ሊፈጅብሽ ይችላል። ጀማሪ የሚማረው በእጁ ሲሠራ ነው። አሥር ዓመት ቡቃያ እያየሽ ምን ትማሪያለሽ?

ሳሎኑን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የመጀመሪያ ዛፌ የሐበሻ ጥድ ነበረች። እንደ አውራ ጣቴ የወፈረች፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች። ቅርንጫፏን በሽቦ አጣጥፌ፣ ሥሯን ከርክሜ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ጨርሼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትመሰገናለች። በየማለዳው አጠጣታለሁ። አረንጓዴ ናት፣ ምንም የላትም። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አቧራ ልጠርግ ብዬ ስነካት ቅጠሏ እንደ ደረቀ እንጀራ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ለካ ሬሳ ሳጥብ ነው የከረምኩት። ጥድ እንዲህ ናት። ከሞተች በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆና ትቆያለች። ስታውቂ ረፍዷል።

ሳሎን ለዓይናችን ብሩህ ነው። ቅጠል ግን ብርሃንን አያይበትም፣ ይበላዋል። ከመስኮት ሁለት ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ የዛፍሽ ቤት በረንዳው ነው። እንግዳ ሲመጣ አስገቢውና ጠረጴዛ ላይ አሳዪ፤ ማታ ወደ ቦታው። ጃፓኖቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ የትኛውን ዛፍ? እኔን ካልሽ ወይራ።

ወይራን አብዛኞቻችን የምናውቀው በጢሱ ነው፤ እንስራና የወተት ዕቃ ሲታጠንበት። ለቦንሳይ የሚሆን አገር በቀል ዛፍ ስትፈልጊ ግን ከሱ የሚቀድም አላገኘሁም። ቅጠሉ ከመነሻው ትንሽ ነው፤ ሲከረከም ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የደረቀ የሚመስል አሮጌ ግንድ ብትቆርጪው ከራሱ ከግንዱ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ተሳስተሽ የማይቆረጥ ብትቆርጪ ይምርሻል ማለት ነው። ጥድ ግን አይምርም፤ አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ የተነሳለት የጥድ ቅርንጫፍ አያቆጠቁጥም፣ ይደርቃል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ይህንኑ የአፍሪካ ወይራ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። እኛ እናጥንበታለን።

ከወይራ ቀጥሎ ፋይከስ ነው። ቢሮ ውስጥ የምታዪው ትንንሽ ቅጠል ያለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው። ጥላ ይችላል። የግድ ቤት ውስጥ ይሁን ካልሽ ከመስኮት መስታወቱ ሥር የሚኖርልሽ እሱ ነው። ቦታ ሲቀየርበት አኩርፎ ቅጠሉን ያራግፋል፤ አትደንግጪ፣ ይመልሰዋል። ዘመዱ የጎማ ዛፍ ግን አይሆንም። ቅጠሉ ትሪ ያክላል፤ ምንም ብትከረክሚው የትንሽ ዛፍ ቅጠል አይመስልም። አጋምና ቡገንቪሊያም ጥሩ ናቸው፣ ለሁለተኛ ዛፍ አቆያቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ዘንድ ሂጂ። ሻጩ ቀጥ ያለውን፣ ረጅሙን፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀውን ያወጣልሻል። አመስግነሽ እለፊው። አንቺ የምትፈልጊው ከኋላ ተረስቶ የቆመውን ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ሥሩ መሬት የነካ፣ ፍየል አንዴ የቀነጠበው፣ ጎበጥ ያለ። ከላይ አትመልከቺ፤ ቁጢጥ ብለሽ ከሥር ተመልከቺ። በጣትሽ አፈሩን ገለጥ አድርጊና ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበትን ቦታ ፈልጊ። እንደ ዶሮ እግር በየአቅጣጫው የተዘረጋ ሥር ካየሽ እሱን ያዢ። ዝቅ ብሎ የወጣ ቅርንጫፍ ካለው ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። «ይሄ እኮ ጠማማ ነው» ይልሻል ሻጩ። ዝም በዪ። ዋጋው በዚያው ይቀንሳል።

ከጫካ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር መንቀል የለም። አብዛኛው ሲነቀል ይሞታል። የቀሩን የአገር በቀል ዛፎችም ለበረንዳችን የሚተርፉ አይደሉም።

አሁን ሳህኗ ለምን እንደምትቆይ። እቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አምጪ። ውሃ አጥግቢውና ዝርግ አድርገሽ በመዳፍሽ ያዢው። ይንጠባጠብና ያቆማል። አሁን በጠባብ ጎኑ አቁሚው። እንደገና ውሃ ያፈሳል! ውሃው ከየት መጣ? ዝርግ ሆኖ ሳለ ታችኛው ክፍሉ ያቆረው ነበር። ጠፍጣፋ ሳህን ማለት ያ ዝርግ ስፖንጅ ነው። ጥልቀት የሌለው ዕቃ ውሃ ይቋጥራል፤ ሥሩም የሚቀመጠው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ሥር አየር ይተነፍሳል። ውሃ የሞላበት አፈር አየር የለውም። ስለዚህ ሳህን ለዛፍ ከባዱ መኖሪያ ነው። የሰለጠነ ዛፍና የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ግንድ የሚወፍረው ከበላዩ ያለው ቅጠል ሲበዛና ሥሩ መንቀሳቀሻ ሲያገኝ ነው። እርሳስ የምታክል ችግኝ ሳህን ላይ ካስቀመጥሽ እርሳስ እንደሆነች ትኖራለች። የገበያው ትልቁ ማታለያም ይሄው ነው፤ ቀጭን ቡቃያ በሚያምር ሳህን።

በሳህኗ ፋንታ ከመርካቶ የፕላስቲክ ማጥለያ ግዢ። አዎ፣ አትክልት የምናጥልበት፣ ዙሪያውን የተበሳሳው። የሥሩ ጫፍ ቀዳዳው ጋ ደርሶ አየር ሲነካው ይደርቅና ከኋላው ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል። በላስቲክ ውስጥ ግን ሥር ዙሪያውን እየዞረ ራሱን ይተበትባል። ማጥለያ አያምርም። ዛፉ ግን ይወደዋል።

አፈሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ዛፍ የሚገድለው እዚህ ነው። ጓሮ ያለው ጥቁር አፈር አይሆንም። ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ። የምትፈልጊው ሬድ አሽ ነው፤ ግንባታ ቦታ የሚከመረው ቀዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውጭ አገር ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ይህን ድንጋይ በትንሽ በትንሽ ከረጢት ይገዙታል። እኛ በቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብታውን ሙሉ አለን፤ መንገድ እንደለድልበታለን። አንድ ከረጢት ከሠፈር ግንባታ አስፈቅደሽ ውሰጂ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ በሰፊ ወንፊት ንፊና ከአተር የሚበልጠውን ጣይ። የቀረውን በጠባብ ወንፊት ንፊና ዱቄቱን ጣይ። በእጅሽ የሚቀረው ከምስር እስከ አተር የሚያክል ጠጠር ነው። ባልዲ ውስጥ አድርገሽ እጠቢው። የመጀመሪያው ውሃ እንደ በርበሬ ወጥ ቀልቶ ይወጣል። በሁለተኛው ቀለሙ ይቀንሳል። እስኪጠራ ድረስ አትሰልቺ፤ ዱቄቱ ከቀረ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ ሦስት እጅ ሬድ አሽ ከአንድ እጅ የበሰለ፣ የተነፋ ኮምፖስት ጋር ቀላቅዪ። ኮምፖስቱ የጫካ አፈር ይሽተት እንጂ ፋንድያ አይሽተት።

ዛፉን ከላስቲኩ የምታወጪው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ነው። ቀኑ ሞቃት ነው፣ የበልጉ ዝናብም ቅርብ ነው፤ ሥር ቶሎ ያገግማል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ አትንኪው፣ በሐምሌ ጭቃም አትንኪው። አሮጌውን አፈር በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልሽ ፈልፍዪ። የሚዞረውን ወፍራም ሥር ቁረጪ። ከጠቅላላው ሥር ግን ከሲሶ በላይ እንዳትነኪ። አዲሱን አፈር ስትሞዪ በስንጥሩ እየወጋሽ አስገቢው፤ በሥሮቹ መካከል ባዶ ቦታ አይቅር። ከዚያ ዛፉን በማጥለያው ቀዳዳ በኩል በሽቦ እሰሪው። ይህን ሁሉም ይዘለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ንፋስ አለ። ዛፉ በተነቃነቀ ቁጥር አዲሱ ፀጉር መሳይ ሥር ይበጠሳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዪው። በዚያው ቀን ቅርንጫፉንም ልከርክም፣ ሽቦም ልጠምጥም አትበዪ። ጥዴን የገደልኳት በእሱ ጭምር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቀዶ ጥገና።

«በሳምንት ስንቴ ላጠጣ?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ቁጥር አልሰጥሽም። ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክተሽ ተዪው። ጠዋት ነቅለሽ ጉንጭሽን አስነኪው። ከቀዘቀዘሽ እርጥብ ነው፣ ተዪው። ከደረቀ አጠጪ፣ ስታጠጪም ከሥር እስኪፈስ። አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ። ወደ ጥርና የካቲት በየቀኑ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ ሳምንት ሙሉ ላትነኪው ትችያለሽ። እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ ቦንሳይን የሚገድለው በጋ ሳይሆን ክረምቱ ነው። ዝናቡ ሲጠና ጣሪያ ሥር አስገቢው፤ ወይም ስፖንጁን አስታውሺና ከዕቃው በአንድ ጎን እንጨት ጣል አድርገሽ አዘንብዪው። የተቋጠረው ይወርዳል።

ውሃው በፈረቃ ነውና ለዛፍሽ አንድ ጄሪካን ለይተሽ ያዢ። ማጠጫ መግዛት አያስፈልግሽም። የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ አሥር ቦታ ብሺው፤ ጥሩ ማጠጫ ይወጣዋል። ከሥር ግን ትሪ አኑሪና ሲሞላ ድፊው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ልብስ አስጥታ ቀይ ውሃ ቢንጠባጠብባት ቦንሳይሽም ጎረቤትነትሽም አይተርፍም።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ይኸው ነው፤ ማኖር። ልብሽ እንደማይችል አውቃለሁ፣ መቀሱን ታነሺያለሽ። እሺ፣ ከተከልሽው ሦስት ወር በኋላ ከላይ ጫፉን ቁረጪ። ዛፍ ጉልበቱን የሚሰደው ወደ ጫፉ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ የታችኞቹ ይነቃሉ። የታችኛውን ቅርንጫፍ አንድም አትንኪ፤ እንዲረዝም ተዪው። ያ ረዥም ፀያፍ ቅርንጫፍ ነው ግንድሽን የሚያወፍርልሽ። ሥራውን ሲጨርስ በኋላ ትቆርጪዋለሽ።

ሽቦ በሁለተኛው ዓመት። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አልሙኒየም ሽቦ፣ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ውፍረት ያለው። አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገሽ ጠምጥሚ። ከዚያ በየሳምንቱ ተመልከቺው። ቅርንጫፍ ሲወፍር ሽቦው ይሰምጥበታል፤ ጠባሳው ዓመታት ይቆያል። ስትፈቺም አትጠምዝዢ፣ እየቆራረጥሽ አውጪው።

ማዳበሪያ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ገበሬ ዘመድ አለኝ ብለሽ ዩሪያ በማንኪያ አትጨምሪ። ማሳ ላይ ሰፊ አፈር አለ፤ ማጥለያ ውስጥ ግን ሥሩን በሁለት ቀን ያቃጥለዋል። የኮምፖስት ውሃ፣ ቀጠን አድርገሽ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ከተከልሽ በኋላ ለመጀመሪያው ወር ምንም።

ቅርጹንስ? የጃፓን ሥዕሎችን አትቅጂ። እነሱ ገደል ላይ ያለ ፓይናቸውን አይተው ነው። ወደ ዝዋይ ስትሄጂ ከመኪናው መስኮት ግራሮቹን ተመልከቺ፤ ጃንጥላ ይመስላሉ፣ ላያቸው እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ደቡብ አፍሪካዎቹ ይህን ቅርጽ ወደ ቦንሳይ አስገብተውታል። ወይራም የራሱ መልክ አለው። የቆየ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግቢና አንድ ያረጀ ወይራ ፈልጊ። ግንዱ እንዴት እንደተቆላመመ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ከክብደቱ ብዛት እንዴት እንደወረደ በስልክሽ አንሺው። ሞዴልሽ እሱ ነው።

ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ግንዱ ከአውራ ጣትሽ ሲበልጥ ሰማያዊዋን ሳህን ከቁም ሳጥኑ አውርጃት። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ገልብጠሽ እይልኝ፤ ከሥሯ ቀዳዳ አላት? ከሌላት የቁልፍ ማስቀመጫ አድርጊያት።